ሳያም መመርመር

ማለዳ ከወሎ ሰፈር ተነሥተሽ ወደ ሥራ የምትጣደፊ እኅቴ ሆይ፤ ልጆችሽን አብልተሽ፣ ምሳቸውን ቋጥረሽ፣ ትምህርት ቤት አድርሰሽ ታክሲ ስትጠብቂ፣ ስለ ራስሽ ጤንነት ያሰብሽው መቼ ነበር? «እኔን ምን አመመኝና!» ትዪ ይሆናል። የዛሬው ጽሑፋችን የተነሣው ከዚሁ አነጋገር ነው። የማኅፀን በር ካንሰር ሲጀምር አያምምና።

ይህ በሽታ በአገራችን ሴቶችን ከሚያጠቁት የካንሰር ዓይነቶች ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሁለተኛውን ስፍራ ይይዛል። መንሥኤው በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ ፓፒሎማ የተባለ ቫይረስ ሲሆን፣ ይህንኑ ያረጋገጡት ጀርመናዊው ሐኪም ሐራልድ ሱር ሐውዘን እ.ኤ.አ. በ2008 የኖቤል ሽልማት ተቀብለውበታል። ቫይረሱ ብዙ ሰው የሚይዝ በመሆኑ መገኘቱ የሚያሳፍር አይደለም። ብዙውን ጊዜ ሰውነት ራሱ ያስወግደዋል። ሳይወገድ ከቀረ ግን ሕዋሳትን ቀስ በቀስ እየለወጠ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ቆይቶ ወደ ካንሰር ሊያደርስ ይችላል። የሰውነት መከላከያቸው በደከመ ሴቶች ላይ ጊዜው ያጥራል።

እንግዲህ ይህ ረጅም ጊዜ ለእኛ ዕድል ነው። በጤና ጣቢያ የሚደረገው ምርመራ ቀላል ነው፤ ባለሙያዋ በማኅፀን በር ላይ የተበረዘ አሴቲክ አሲድ ቀብታ አንድ ደቂቃ ያህል ትጠብቃለች። ከዚያም በመብራት ስትመለከት የተለወጠው ቦታ ነጭ ሆኖ ይታያታል። ነጭ መታየቱ ካንሰር ያዘሽ ማለት አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት ተወግዶ ነገሩ በዚያው ይቆማል። አሲዱ የኮምጣጤ ዘመድ ነው ተብሎ ግን በቤት መሞከር ፈጽሞ አይገባም።

በአገራችን መመሪያ መሠረት ምርመራው በተለይ የሚመለከተው ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 ዓመት የሆኑ ሴቶችን ነው። ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ እኅቶች ቀደም ብለውና ቶሎ ቶሎ መመርመር ስላለባቸው ሐኪማቸውን ይጠይቁ። ከግንኙነት በኋላ ወይም ከወር አበባ ውጭ ደም የሚታያት፣ ካረጠች በኋላም የምትደማ ሴት ግን ቀጠሮ ሳትጠብቅ ወደ ሐኪም ትሂድ። ለልጃገረዶች ደግሞ ክትባቱ በ2011 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ መሰጠት ጀምሯል፤ የልጅሽን ተራ ጠይቂ።

ሳይንስ በብርሃን ከዚህም ርቆ ለማየት እየሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 በስዊድን ሊድበርግ፣ ኒላንደርና ሉንድስትሮም የተባሉ ተመራማሪዎች፣ በስስ የብረት ቅብ ላይ ፕሮቲን ሲጣበቅ ከቅቡ የሚንጸባረቀው ብርሃን እንደሚለወጥ አሳዩ። በቅቡ ላይ አንድን ፕሮቲን ብቻ ለይቶ የሚይዝ አካል ሲቀመጥ፣ የብርሃኑ ለውጥ ያ ፕሮቲን መያዙን ይናገራል። ዛሬ በዚሁ መንገድ የካንሰርን ምልክት በጥቂት ደም ውስጥ ለማግኘት ምርምር ይካሄዳል።

ሆኖም ያ መሣሪያ እስኪደርስልን እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ። ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ እንደነበር፣ ወረፋውም ምን ያህል እንደነበር ያስታመመች ታውቃለች። ያን ሁሉ መከራ አስቀድሞ የሚያስቀረው ምርመራ የጥቂት ደቂቃ ጉዳይ ነው። ብቻሽን ከፈራሽ ጎረቤትሽን ወይም የሥራ ባልደረባሽን አስከትለሽ ሂጂ። ቤትሽ በአንቺ ጤንነት ላይ ቆሟልና፣ ይህን ሳምንት ለራስሽ አንድ ቀን ስጪ!