የአንድ ገድል ጉዞ ከብራና እስከ ማተሚያ ቤት

ወደ ላስታ ወጥቶ የይምርሐነ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን የተመለከተ መንገደኛ ሁሉ የሚያደንቀው ሕንፃውን ነው። በሰፊ ዋሻ ውስጥ እንጨትና በኖራ የተለሰነ ድንጋይ እየተፈራረቀ፥ በአክሱም ሥርዓት ተሠርቶ መታየቱ በእርግጥ ያስደንቃል። እኛ ግን ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናወጋ የወደድነው ስለ ንጉሡ መጽሐፍ፥ ይኸውም ስለ ገድሉ ነው። የዓመቶቹም ቍጥር በአውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ይምርሐነ ክርስቶስ ከላሊበላ በፊት የነገሠ የዛጕዌ ንጉሥ ነው። ገድሉ ክህነትን ከመንግሥት ጋር አስተባብሮ እንደ ያዘ ይተርካል። ይህ መጽሐፍ የተጻፈው ንጉሡ ካረፈ ከብዙ ዘመን በኋላ ስለ ሆነ፥ አስተዋይ ተማሪ የንጉሡን ሥራ ብቻ ሳይሆን የኋለኛው ትውልድ ስለ ንጉሡ ያሰበውንም ጭምር ያገኝበታል።

የንጉሡ ዝና ከመጽሐፉ ቀድሞ ባሕር ተሻገረ። በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ይህን ቤተ ክርስቲያን አይቶ፥ ለንጉሡ ኅብስትና ወይን ከሰማይ ይወርድለት እንደ ነበረ የነገሩትን ጻፈ። መጽሐፉም በ1540 በሊዝቦን ታተመ፤ በ1550 ደግሞ በቬኒስ በኢጣልያንኛ ወጣ። እንግዲህ የውጭው አንባቢ ታሪኩን ያገኘው ከግዕዙ ሳይሆን ከእንግዳ ወሬ ነው።

የላሊበላ ገድል ዕድል ሌላ ነበር። ፈረንሳዊው ጁል ፔሩሾን በብሪታንያ ሙዚየም ካለ ብራና ግዕዙን ከፈረንሳይኛ ትርጕም ጋር በ1892 በፓሪስ አሳተመው። የይምርሐነ ክርስቶስ ገድል ግን በኢጣልያዊው ሊቅ በፓውሎ ማራሲኒ እጅ ተመሳክሮ፥ ከኢጣልያንኛ ትርጕም ጋር በናፖሊ የታተመው በ1995 ነው። ከአልቫሬዝ መጽሐፍ እስከዚህ 455 ዓመት ሆነ ማለት ነው።

ምሁር የሚያሳትመው እጁ የደረሰበትን ብራና ነው። ከ1868 የመቅደላ ጦርነት በኋላ 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ወደ ብሪታንያ ሙዚየም በመግባታቸው የአውሮፓ ሊቃውንት ብዙ ጽሑፍ አገኙ፤ ባለቤቶቹ ግን መጽሐፋቸውን አጡ። ታዲያ አንድ መጽሐፍ እንዲታወቅ የግድ ከደብሩ መውጣት አለበትን?

የለበትም እንላለን። ማስረጃችንም በ1973 የተጀመረው የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ነው። በዚህ ሥራ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ጭምር ፎቶግራፍ ተነሥተዋል፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም የብዙዎቹን ዝርዝር በማዘጋጀት ደክመዋል። ብራናው በዕቃ ቤቱ ቀርቶ ቃሉ ለዓለም ደረሰ።

ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር አለ። ተማሪው የታተመ ገድል ሲያገኝ፥ ከየትኛው ደብር፥ ከየትኛው ብራና እንደ ተቀዳ ከመቅድሙ ይፈልግ፤ ይህን የማይናገር ኅትመት ሐረጉን እንደ ረሳ ሰው ነው። በየአውራጃው ለሥራ የሚሄደው ወጣት ሹም ደግሞ በአንድ ደብር የቆየ ብራና ቢያይ፥ መጽሐፉን ለመውሰድ ሳይሆን በስፍራው ሳለ እንዲነሣና እንዲመዘገብ ይድከም። እንዲህ ከተደረገ የሚቀጥለው ገድል 455 ዓመት አይጠብቅም።