«ይኸው ነው እንዴ?» የፖሊሱ ድራማ ፍጻሜና የተመልካቹ ቁጣ



ቴሌቪዥን ዛሬ በየቤታችን ሳይጠሩት የሚገባ እንግዳ ሆኗል። ይህ እንግዳ የሚያወራው ሁሉ አይሰማም። ይሁንና ምን እንዳወራና ልጆቻችን ከወሬው ምን ይዘው እንደቀሩ መጠየቅ የወላጅም የመምህርም ኃላፊነት ነው። በዚህ ወር ልንነጋገርበት የመረጥነው በእንግሊዝ አገር ስለተሠራ አንድ የፖሊስ ድራማና ፍጻሜው በተመልካቹ ዘንድ ስላስነሳው ቁጣ ነው። ደብረ ታቦር ተቀምጦ ስለ እንግሊዝ ድራማ መጻፍ ምን ይባላል የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ነገሩ የጉቦና የፍትሕ ነገር ነውና ጥቂት ይታገሡን።

ድራማ ሰውን እንዴት እንደሚይዝ ለእኛ አገር ተመልካች ማስረዳት አያስፈልግም። በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ይተላለፍ የነበረው «ሰው ለሰው» ላይ አበበ ባልቻ የተጫወተውን አስናቀን ያልረገመ ቤት ነበርን? ያ በገንዘቡና በተንኮሉ ሁሉን የሚገዛ ሰው የሚወድቅበትን ቀን ትንሽ ትልቁ ሲጠብቅ ከርሟል። እንግሊዞችም እንዲሁ ሆነው ነበር። እንዲያውም እነርሱ የሚወድቀው ሰው ማን እንደሆነ እንኳ ሳያውቁ ነው ዓመታት የጠበቁት።

ድራማው «ላይን ኦፍ ዱዩቲ» ይባላል። ደራሲው ጄድ ሜርኩሪዮ ቀድሞ የሆስፒታል ሐኪም የነበረ ሰው ሲሆን፣ ድራማውን ቢቢሲ ከ2012 እስከ 2021 እ.ኤ.አ. በስድስት ምዕራፎች አሳይቶታል። ታሪኩ ኤሲ-12 ስለተባለ፣ ሥራው ሙሰኛ ፖሊሶችን መመርመር ስለሆነ የፖሊስ ክፍል ነው። ቴድ ሄስቲንግስ የተባለው አለቃ፣ ከሥሩም ስቲቭ አርኖትና ኬት ፍሌሚንግ የተባሉ መርማሪዎች ከወንጀለኛ ቡድኖች ጋር የሚሠሩ የሥራ ባልደረቦቻቸውን ያድናሉ። በሦስተኛው ምዕራፍ መጨረሻ አንድ ሙሰኛ ፖሊስ ነፍሱ ልትወጣ ስትል «ኤች» በሚለው የእንግሊዝኛ ፊደል ስለሚታወቅ አንድ ከፍተኛ ሰው ምልክት ሰጠ። በ2019 በታየው አምስተኛ ምዕራፍ ደግሞ ሟቹ በጣቱ አራት ጊዜ መምታቱ ተስተዋለ። በቴሌግራፍ የሞርስ ምልክት አራት ነጥብ ማለት ያው «ኤች» ነው። ስለዚህ ነገሩ አራት ሰዎች ማለት ነው ተባለ። ሦስቱ ታወቁ፣ አራተኛው ቀረ።

አገሩ በሙሉ መርማሪ ሆነ። አንዱ ራሱን አለቃውን ሄስቲንግስን ጠረጠረ፣ ስሙ በዚያው ፊደል ይጀምራልና። ሌላው የፖሊሱን ዋና አዛዥ ፊሊፕ ኦስቦርንን ጠረጠረ።

የመጨረሻው ክፍል የተላለፈው ሚያዝያ 24 ቀን 2013 ዓ.ም. (2 ሜይ 2021 እ.ኤ.አ.) እሑድ ማታ ነው። ለእኛ ቀኑ ረመዷን 20 ነበር፤ በዚያች ማታ የመጨረሻዎቹን አሥር ሌሊቶች ጀምረናል። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም ፋሲካቸውን የዋሉበት ዕለት ነበር። በዚያች ሰዓት እንግሊዝ ውስጥ ከ12 ሚሊዮን በላይ ሰው ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጧል። አራተኛው ሰው ታስሮ ከነበረበት ወጥቶ ወደ መጠየቂያው ክፍል ሲገባ ኢያን በክልስ ሆኖ ተገኘ።

በክልስ ማነው? ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሮ በየጥጉ ይታይ የነበረ፣ ሰነፍ፣ ሥራውን በወጉ የማይሠራ፣ ማንም ከቁም ነገር የማይቆጥረው መኮንን ነው። ያስያዘውም ፊደል ነው። በድብቅ ይላኩ በነበሩት ትእዛዞች ውስጥ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ደጋግሞ በተሳሳተ ፊደል ተጽፎ ተገኘ። ያው ስሕተት ከበክልስ የቆዩ ጽሑፎች ውስጥም ወጣ። ሲመረመርም ታላቅ አቀናባሪ አልነበረም። ከወንጀለኞች መልእክት የሚቀበል፣ የሚያቀብል፣ ገንዘቡን የሚወስድ፣ አይቶ እንዳላየ የሚያልፍ ሰው ነው። ስንፍናው ሹመት አላስከለከለውም፤ እንዲያውም ማዕረጉ እያደገ ሄዷል።

ተመልካቹ ተቆጣ። «ይኸው ነው እንዴ? ዘጠኝ ዓመት የጠበቅነው ለዚህ ነው?» ያለው ብዙ ነው። የተንኮል ሊቅ ሲጠብቁ ሰነፍ ጸሐፊ መሳይ ወጣባቸው። እርግጥ ነው ሌሎች ደግሞ ፍጻሜው ልክ ነው፣ ሙስና በእውኑ ዓለም ይህን ይመስላል ብለው ተሟገቱ። ደራሲውም ፍጻሜው ሁሉን እንደማያስደስት አስቀድሞ ያውቅ እንደነበረ፣ የፈለገው በኅብረተሰቡ ውስጥ ያለውን የሙስናን እውነተኛ መልክ ማሳየት መሆኑን ገልጿል።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ከድራማው በላይ ያስገርማል። ስድስት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ ጁን 15 ቀን 2021፣ ስለ ዳንኤል ሞርጋን የተቋቋመው ገለልተኛ አጣሪ ቡድን ሪፖርቱን አወጣ። ዳንኤል ሞርጋን በ1987 በለንደን በአንድ መጠጥ ቤት የመኪና ማቆሚያ ተገድሎ የተገኘ የግል መርማሪ ነው። ገዳዩ በተደጋጋሚ ምርመራ ሳይቀጣ ቀርቷል። አጣሪው ቡድን የለንደንን ፖሊስ እንደ ተቋም ሙሰኛ ነው ብሎ ፈረደበት። የፍርዱ ፍሬ ነገር ፖሊሱ ስሙን ለመጠበቅ ሲል ጉድለቱን መደበቁ ነው። በሪፖርቱ ውስጥም አንድ «ኤች» የሚባል ሰው አልነበረም።

በእኛ አስተያየት ተመልካቹ መቆጣቱ አላጠፋም፣ የተቆጣበት ነገር ግን ሌላ መሆን ነበረበት። ድራማውን ከመጀመሪያው እናስታውሰው። በ2012 የመጀመሪያው ክፍል ሲከፈት የጸረ-ሽብር ፖሊሶች አሸባሪ እንይዛለን ብለው የተሳሳተ ቤት ገቡ። ሕፃን ልጁን አቅፎ የነበረ ከሪም ዐሊ የተባለ ንጹሕ ሰው ገደሉ። አዛዣቸው ሁሉም አንድ ዓይነት የሐሰት ቃል እንዲሰጡ አዘዘ። እምቢ ያለው ስቲቭ አርኖት ብቻ ነው፣ ወደ ኤሲ-12 የተዛወረውም በዚሁ ምክንያት ነው። ያ ሐሰት ያዘዘው አዛዥ ስሙ ማን ነበር? ፊሊፕ ኦስቦርን። በስድስተኛው ምዕራፍ መጨረሻ ይህ ሰው የፖሊሱ ዋና አዛዥ ሆኖ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፣ የነካውም የለም። ድራማው ከሚዘጋባቸው የመጨረሻ ቃላት አንዱም የኤሲ-12 ሥልጣን ከምንጊዜውም በላይ መዳከሙን የሚናገር ነው። ተመልካቹ የአንድ ፊደል እንቆቅልሽ አልጣፈጠልኝም ብሎ ሲያጉረመርም የከሪም ዐሊ ደም ሜዳ ላይ ቀርቷል። እኛን ያሳዘነን ይህ ነው።

የራስን ወገን ከጥፋቱ ለመሸፈን ማበር የዛሬ ነገር አይደለም። ቁርኣንን የሚቀሩ ልጆቻችን ሱረቱ ኒሳእ 105ኛው አንቀጽ ላይ ሲደርሱ የአንቀጾቹን መውረጃ ምክንያት ቢጠይቁ መልካም ነው። ሙፈሲሮች እንደዘገቡት በመዲና ከበኑ ኡበይሪቅ ወገን የሆነ አንድ ሰው ከጎረቤት ቤት የጦር ጥሩር ሰረቀ። ነገሩ ሊወጣ ሲል ዕቃውን አንድ አይሁዳዊ ዘንድ አኖረው። ጎሳዎቹም ተሰባስበው ወደ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጡና ሰውየው ንጹሕ እንደሆነ ተሟገቱለት። ሌባው በስም ሙስሊም፣ ተከሳሹ ደግሞ የሌላ ሃይማኖት ሰው ነው። ጎሳውም አንድ ቃል ተናግሯል። በምድራዊ ሚዛን ፍርዱ ወዴት እንደሚያጋድል አይጠፋንም። አላህ (ሱ.ወ.) ግን አንቀጾቹን አውርዶ አይሁዳዊውን ነጻ አወጣ፣ ለከዳተኞች ጠበቃ መሆንንም ከለከለ።

ሹማምንትን የሚመረምር ክፍልም እንግሊዞች የፈጠሩት አይደለም። ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ.) በየአገሩ በሾሟቸው ሰዎች ላይ ስሞታ ሲመጣ ሙሐመድ ብን መስለማን ይልኩ ነበር። የኩፋ ሰዎች በሰዕድ ብን አቢ ወቃስ ላይ ስሞታ ባቀረቡ ጊዜ ምርመራው የተካሄደው በየመስጊዱ እየተዞረ፣ በሕዝብ ፊት ነው። ሕዝቡ አመሰገናቸው፤ ተነስቶ የከሰሳቸው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ሰዕድ ከታላላቅ ሶሓቦች አንዱ መሆናቸው ከመመርመር አላዳናቸውም፣ ምርመራውም ንጽሕናቸውን አሳየ። አገራችንም በ1993 ዓ.ም. የፌዴራል የሥነ ምግባርና ጸረ-ሙስና ኮሚሽንን አቋቁማለች፣ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ጥቆማ ሰጪዎችንና ምስክሮችን የሚጠብቅ አዋጅ (ቁጥር 699) ወጥቷል። ሕጉ አለ። ከቀበሌው መስኮት ፊት የቆመው ገበሬ ግን ይህን አዋጅ ሰምቶ ያውቃልን?

የድራማውን ታሪክ ከፍ ላሉት የመድረሳ ተማሪዎቻችን ነግረናቸው ነበር። አራተኛው ሰው ማን ይመስላችኋል ስንል ከአንዱ በቀር ሁሉም «ትልቁ አለቃ» አሉ። ያ አንዱ ልጅ ከጉና ሥር ካለ ገጠር መጥቶ ከተማ ዘመድ ቤት ሆኖ የሚማር ነው። በመጨረሻ እጁን አወጣና፣

«ኡስታዝ፣ የተቀበለው ታሰረ እንበል። የሰጠውስ?» አለን።

«ማን የሰጠው?»

«አባቴ። ለይዞታ ማረጋገጫው ሁለት መቶ ብር ለሻይ ሰጥቷል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰጪውንም ተቀባዩንም ረግመዋል ብላችሁ አስተምራችሁናል።»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ልጁ የጠየቀው ለክርክር እንዳልሆነ ፊቱ ያስታውቅ ነበር። ነገሩን በእርጋታ አስረዳነው። ሐዲሱ እንዳለው ነው። ይሁንና ብዙ ዑለማዎች አንድ ሰው የራሱን መብት በሌላ በምንም መንገድ ሊያገኝ ካልቻለና የሌላውን ሰው መብት ካልነጠቀበት በሰጪው ላይ አያጠብቁም፣ ወንጀሉ በተቀባዩ ጫንቃ ላይ ነው ይላሉ። ይህ ግን የችግር መውጫ በር ነው። ወረፋ ለመቅደም፣ ያልተገባን መሬት ለማግኘት፣ ወይም መመላለሱ ስለሰለቸን ብቻ በሩን የምንከፍተው ከሆነ ሌላ ነገር ይሆናል። ስለ ዘካ ሰብሳቢው ሰውም ነገርነው። ሰውየው ከሥራው ሲመለስ ይህ የእናንተ፣ ይህ ደግሞ ለእኔ የተሰጠኝ ስጦታ ነው ቢል ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ተቆጥተው ከአባትና ከእናቱ ቤት ቁጭ ቢል ኖሮ ይህ ስጦታ ይመጣለት እንደነበር ጠይቀዋል። ስሙን «ሻይ» ማለት ነገሩን እንደማይለውጠው ልጆቹ ከዚህ በላይ ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም።

አባትየው ይህን ሰምተው ኖሮ በሳምንቱ ከዐስር ሶላት በኋላ መጡ። ተቆጥተው ይሆናል ብለን ነበር፣ አልተቆጡም።

«ኡስታዝ፣ ሦስት ጊዜ በእግሬ ተመላለስኩ» አሉን። «አንድ ጊዜ ባለ ማኅተሙ የለም፣ አንድ ጊዜ መብራት የለም፣ አንድ ጊዜ ፋይልህ ጠፋ። በአራተኛው ሰጠሁ፣ ፋይሉ በዚያው ደቂቃ ተገኘ። ማንም በግልጽ አምጣ ያለኝ የለም እኮ።»

«ሌላ ሰው ቀድመው ነበርን?»

«እንጃ። ከኋላዬ የቆሙ ነበሩ፣ ከፊቴም ነበሩ።»

ይህን ብለው ዝም አሉ። ከዚያ ለልጃቸው የልደት ማስረጃ ደግሞ እንደሚያስፈልጋቸው፣ ልጁ «እንደ ባለፈው ካደረግህ ወረቀቱን አልይዝም» ብሎ እንዳስቸገራቸው ነገሩን። እኛም አብረን ልንሄድ ተስማማን።

ሰኞ ጠዋት ወረፋ ያዝን። ባለ ማኅተሙ ስብሰባ ላይ ነው ተባለ። እስከ ቀትር ጠብቀን ተመለስን። ኀሙስ ዳግመኛ ሄድን። በመስኮቱ ያለው ወጣት ሠራተኛ ሰውየውን አየ፣ እኛንም አየ፣ ደረሰኝ ቆረጠ። ከደረሰኙ ሒሳብ በላይ የተከፈለ አንድ ሳንቲም የለም። አባትየው ሁለት የሥራ ቀን ጠፍቶባቸዋል፣ ይህን ደግመው ደጋግመው ነግረውናል፣ ትክክል ናቸው። ልጁ ግን ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞ መንገድ ላይ ቆሞ ማንበብ ጀመረ። የአያቱ ስም አንድ ፊደል ተሳስቶ ተጽፏል። ሰኞ ለእርማት ደግመን እንሄዳለን።