ሁለት መረብ በአንድ ዕቃ፤ ሙቀትና ጊዜ የፕላስቲክን ጠባይ እንዴት እንደሚወስኑ

የፕላስቲክ ዕቃ የሚያዝዝ ነጋዴ አስቀድሞ የሚጠይቀው ዕቃው ከምን እንደ ተሠራ ነው። ከሁለት ዓይነት ፖሊመር ለተሠራ ጥምር ዕቃ ግን ይህ ጥያቄ ብቻውን አይበቃም፤ ከአንድ ዓይነትና ከእኩል መጠን ጥሬ ዕቃ አንዱ ፋብሪካ ጥርት ያለ፣ ሌላው ወተት የመሰለ ዕቃ ሊያወጣ ይችላልና።

አሠራሩ አዲስ አይደለም። የቶማስ ኤዲሰን ኬሚስት የነበረው ጆናስ አይልስዎርዝ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1914 ዓ.ም. ባገኘው የአሜሪካ ፓተንት፣ ተሰባሪ የነበረውን የፌኖልና የፎርማልዴሃይድ ፕላስቲክ ከጎማና ከድኝ ጋር አዋሕዶታል። እርስ በርሳቸው የተጠላለፉ መረቦች የሚለውን ስያሜ ግን ያወጣው ሚላር የተባለ ሊቅ በ1960 ዓ.ም. ነው።

የፖሊመር ሞለኪውል እንደ ረጅም ክር ነው። የሁለት ፖሊመር ክሮች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን መረብ ሲሠሩ አንዱ በሌላው ውስጥ ተጠላልፎ ይቀራል። ይሁን እንጂ ክሮቹ በረዘሙ ቁጥር እንደ ዘይትና እንደ ውሃ ሊለያዩ ይሻሉ። ስለዚህ ድብልቁ በሚበስልበት ጊዜ ሁለት ነገሮች ይሽቀዳደማሉ፤ አንደኛው መለያየቱ፣ ሁለተኛውም መረቡ ተቋጥሮ መርጋቱ ነው።

መርጋቱ ከቀደመ፣ የተለያዩት ክፍሎች እጅግ ደቃቅ እንደ ሆኑ ተይዘው ይቀራሉ፤ ዕቃው ብዙውን ጊዜ ጥርት ያለ ይሆናል፤ በሰፊ የሙቀት ክልልም ንዝረትንና ድምፅን ሊያበርድ ይችላል። መለያየቱ ከቀደመ ግን ክፍሎቹ ይተልቃሉ፤ ብርሃንንም ስለሚበትኑ ዕቃው ይደፈርሳል። ይህም ሁልጊዜ ጉድለት አይደለም፤ በጠንካራ ፕላስቲክ ውስጥ የተበተኑ የጎማ እንክብሎች ስንጥቅ እንዳይስፋፋ ይከላከላሉና።

ሙቀት ሲጨምር መርጋቱም የክሮቹም እንቅስቃሴ ስለሚፈጥን፣ የትኛው እንደሚቀድም በእያንዳንዱ ቅመም ተሞክሮ ይታወቃል። የማፋጠኛው መድኃኒት መጠንም እንዲሁ ነው። አንዱ መረብ አስቀድሞ ተሠርቶ ሁለተኛው በውስጡ እንዲያድግ ሲደረግም፣ የፊተኛው ቋጠሮ በጠበቀ መጠን የኋለኛው ክፍሎች ይደቅቃሉ።

እንግዲህ አስተዋይ ገዢ በትእዛዙ ላይ የጥሬ ዕቃውን ስም ብቻ ሳይሆን የማብሰያውን ሙቀት፣ ሰዓቱንና ቅደም ተከተሉን ጭምር ያስጽፋል፤ ከየጭነቱም ናሙና ወስዶ ያስመረምራል። በወረቀት ላይ አንድ የሆኑ ሁለት ዕቃዎች በሥራ ላይ የተለያዩ ሆነው ሲገኙ ኪሳራው የገዢው ነውና።