አራት ብሎን፣ ሦስት ቺንጋ፦ የባለ ሁለት ጎማ ትራክተር ሞተር አቀያየር

በምዕራብ ጎጃም ከደምበጫ እስከ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ያለው አገር በቆሎ፣ ጤፍ፣ ዳጉሳና በርበሬ የሚያበቅል ለም መሬት ነው። የሚታረሰው ግን ዛሬም በአብዛኛው በጥማድ በሬ ነው። ለጤፍ የታሰበ ማሳ ከገመሳው ጀምሮ አራትና አምስት ጊዜ ይታረሳል። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ በመቀናጆ ይሠራል፤ ምንም የሌለው ደግሞ ተራው እስኪደርሰው ዝናቡ ያልፍበታል። ትልቁ ትራክተር እንደ ብር ሸለቆ ባለ ሰፊ ሜዳ ላይ ያዋጣል። በእርከን የተከፋፈለ ከአንድ ሄክታር በታች የሆነ ማሳ ላይ ግን መዞሪያ እንኳ አያገኝም።

ባለ ሁለት ጎማው ትራክተር ለዚህ ዓይነቱ ማሳ የተሠራ ነው። መቀመጫና መሪ የሚባል ነገር የለውም። ነጂው ሁለቱን እጀታዎች ጨብጦ ከኋላ በእግሩ ይከተላል። ከፊት ባለ አንድ ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ተጋድሞ ተቀምጧል፤ መሐል ላይ ካምቢዮውና ሁለቱ ጎማዎች አሉ፤ ከኋላ ማረሻው ወይም መዝሪያው ይታሰራል። እ.ኤ.አ. በ2013 ዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ምርምር ማዕከል (ሲሚት) በአውስትራሊያ ድጋፍ በኢትዮጵያ፣ በኬንያ፣ በታንዛኒያና በዚምባብዌ የጀመረው ፕሮጀክት ይህን ማሽን ለአነስተኛ ገበሬ ማለማመድን ዓላማው አድርጎ ነበር። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት የእርሻ መሣሪያዎች ከቀረጥ ነፃ እንዲገቡ ፈቀደ።

የዚህ ማሽን ትልቁ ጸጋ አሠራሩ ነው። በመኪና ላይ ሞተሩና ካምቢዮው ተያይዘው የተገጠሙ ስለሆኑ አንዱን ያለ ሌላው መንካት ከባድ ነው። እዚህ ግን ሞተሩ በሻንሲው ላይ የተያዘው በአራት ብሎን ነው። ኃይሉ ወደ ካምቢዮው የሚሄደውም አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ቺንጋ ነው። ቺንጋዎቹ ከሞተሩ ቮላኖ ላይ ካለው ፑሌጃ ተነሥተው ፍሪሲዮኑን ወደያዘው ፑሌጃ ያልፋሉ። ስለዚህ ሞተሩን አውርዶ ሌላ መጫን ልዩ መሣሪያ አይፈልግም። የመፍቻ ስብስብና ሁለት ሦስት ጠንካራ ሰው ይበቃል።

ሞተሩን ለማወቅ ስሙን ማንበብ ይጠቅማል። በእነዚህ የቻይና ሥሪት ትራክተሮች ላይ በብዛት የሚገጠመው ኤስ195 የሚባለው ነው። 1 ቁጥር ባለ አንድ ሲሊንደር መሆኑን፣ 95 ደግሞ የሲሊንደሩን ስፋት በሚሊሜትር ይናገራል። ይህ ሞተር በደቂቃ 2,000 ዙር ሲዞር 12 የፈረስ ጉልበት ያህል ይሰጣል። ታናሹ አር180 ስፋቱ 80 ሚሊሜትር፣ ጉልበቱ 8 ገደማ፣ ዙሩ ግን 2,600 ነው። ዜድ ኤስ1100 ደግሞ 100 ሚሊሜትር ስፋት፣ 15 ገደማ ጉልበትና 2,200 ዙር አለው።

ሞተር ደከመ ማለት ሁልጊዜ ይቀየር ማለት አይደለም። ሰማያዊ ጭስ ከበዛ፣ ዘይት ቶሎ ቶሎ ከጎደለ፣ ጠዋት ጠዋት ለመነሣት ካስቸገረ ብዙ ጊዜ ያለቀው ፋሻው ወይም ፒስተኑ የሚመላለስበት ቱቦ ነው። በኤስ195 ላይ ይህ ቱቦ ተስቦ ወጥቶ በአዲስ ይተካል፤ ከአዲስ ሞተር ዋጋም በእጅጉ ይቀንሳል። መቀየር የሚገባው የሞተሩ አካል ራሱ ሲሰነጠቅ ወይም ዋናው ዘንግ ሊጠገን በማይችል መልኩ ሲበላሽ ነው። ለመሰንጠቅ አንዱ ምክንያት ውሃው ደርቆ በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ነው። ብዙዎቹ እነዚህ ሞተሮች ውሃ በማትነን ይቀዘቅዛሉ። በ2,000 ሜትር ከፍታ ደግሞ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። በደምበጫ ከፍታ የሚሠራ ሰው እንግዲህ ውሃውን ቶሎ ቶሎ ማየት አለበት።

ቅያሬው ከተወሰነ አራት ነገር ይታያል። የመጀመሪያው ዙር ነው። ሞተሩና ካምቢዮው እንደ ጥማድ በሬ ናቸው፤ አንዱ ፈጣን፣ ሌላው ዘገምተኛ ከሆነ ቀንበሩ ይጣመማል። 2,000 ዙር በነበረው ሞተር ቦታ 2,600 ዙር ያለው ከተተካ የሞተሩ ፑሌጃ በዚያው ልክ መጥበብ አለበት፤ የነበረው 130 ሚሊሜትር ከሆነ አዲሱ 100 ይሆናል። ይህ ሳይደረግ ቢቀር ትራክተሩ ከነጂው እርምጃ ይፈጥናል፣ ካምቢዮውም ያልተሠራበትን ፍጥነት ይሸከማል። ሁለተኛው የአዟዟር አቅጣጫ ነው። ከሌላ ማሽን የተፈታ ሞተር በተቃራኒ የሚዞር ከሆነ የፊት ማርሽ ሁሉ ወደ ኋላ ይሄዳል።

ሦስተኛው ክብደት ነው። ማሽኑ ሚዛኑን የሚጠብቀው በሁለት ጎማ ላይ ብቻ ነው። ሞተሩ ከከበደ አፍንጫው መሬት ይወጋል፤ ከቀለለ ደግሞ እጀታው ወደ ነጂው ክንድ ይጫናል። አራተኛው ከፍታ ነው። በደምበጫ ከፍታ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው አየር አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ 12 ጉልበት ተብሎ የተጻፈበት ሞተር እዚህ ሲደርስ ወደ 10 ይጠጋል። ጥቁር ጭስ እያወጣ የሚያቃስተው ሞተር ናፍጣ እንዲጨመርለት የሚፈልግ ይመስላል እንጂ ያነሰው አየር ነው። ሲመረጥ ትንሽ ትርፍ ጉልበት ያለውን መያዝ ይሻላል።

ሥራው ራሱ ቅደም ተከተል አለው። ናፍጣውና ውሃው ይቀዳል፤ አራቱ ብሎኖች ላልተው ሞተሩ ወደ ካምቢዮው ይገፋና ቺንጋው ይላላል፤ ከዚያ ብሎኖቹ ጨርሰው ይፈታሉ። አዲሱ ሲቀመጥ ሁለቱ ፑሌጃዎች በአንድ መስመር መሆናቸው በተወጠረ ሲባጎ ይለካል። ከመስመር የወጣ ፑሌጃ ቺንጋ ይበላል፣ ኩሽኔታም ይጎዳል። ሦስቱ ቺንጋዎች አብረው ይቀየራሉ፤ አሮጌውና አዲሱ ከተቀላቀለ ጭነቱ በአንዱ ላይ ይወድቃል። ከናፍጣው መስመር ውስጥ አየሩ ይወጣል፤ ዘይት ሳይሞላ ሞተር አይነሣም። የመጀመሪያዎቹ 50 ሰዓታት በቀላል ሥራ ካለፉ በኋላ ዘይቱ ይቀየራል።

ይህ ተፈትቶ የሚገጠም ሞተር ለአካባቢው ሌላም ትርጉም አለው። በባንግላዴሽ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የቻይና ባለ ሁለት ጎማ ትራክተር በፍጥነት ሲስፋፋ፣ ያው የሞተር ዓይነት ውሃ ስቧል፣ እህል ወቅቷል፣ ጀልባም ነድቷል። በምዕራብ ጎጃምም የእርሻ ወቅት ሲያልፍ የትራክተሩ ሞተር ለመስኖ ፓምፕ ወይም ለበቆሎ መፈልፈያ ሊያገለግል ይችላል። ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ ሞተር ዕዳውን ቶሎ ይከፍላል።

ስለዚህ ትራክተር ሊገዛ የተነሣ ወጣት ወይም የኅብረት ሥራ ማኅበር ከቀለሙና ከስሙ በፊት የሞተሩን ዓይነት ይጠይቅ። በከተማው መለዋወጫው የሚገኝ፣ በወፍጮና በውሃ ፓምፕ ላይ የተለመደ፣ የአካባቢው መካኒክ እጁ የለመደው ሞተር ይምረጥ። በአንድ ወረዳ ያሉ ትራክተሮች በአንድ ዓይነት ሞተር ከተስማሙ አንዱ የሌላውን መለዋወጫ ይጠቀማል፣ ባለ ሱቁም ዕቃውን ደፍሮ ያስመጣል። የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎችም ይህን የፑሌጃ ስሌትና የሲባጎ ልኬት ለተማሪዎቻቸው በተግባር ያስተምሩ። ማሽኑ በመጀመሪያው ሞተር ሞት የሚጣል ብረት እንዳይሆን የሚያደርገው ይህ ዕውቀት ነው።