የተረሳችው «እናት»

ጀርመናዊው ጸሐፊ ተውኔት ቤርቶልት ብሬሽት በርእስ ደረጃ «እናት» የተባሉ ሁለት ሴቶችን መድረክ ላይ አውጥቷል። የቴአትር ወዳጁ የሚያውቀው «እናት ኩራዥ»ን ነው፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅንም «እናት ዓለም ጠኑ»ን የጻፈው ከእርሷ ተነስቶ ነው። ሁለተኛዋ «እናት» በተባለው ቴአትሩ ያለችው የፋብሪካ ሠራተኛ እናት፣ ፔላጌያ ቭላሶቫ ናት። ስሟ ሲነሳ «ጋሪ የምትጎትተዋ አይደለችም?» የሚል አይጠፋም። አይደለችም! ባለጋሪዋ እናት ኩራዥ ከጦርነት ለማትረፍ ስትል ሦስት ልጆቿን አጥታም ምንም ሳትማር ወደ ንግዷ ትመለሳለች። ቭላሶቫ ግን ትማራለች፤ ቴአትሩም ይኸው መማሯ ነው።

የቴአትሩ ምንጭ ሩሲያዊው ደራሲ ማክሲም ጎርኪ እ.ኤ.አ. በ1906 አሜሪካ ሆኖ የጻፈው «እናት» ልብ ወለድ ነው። መነሻውም በ1902 በሶርሞቮ የሠራተኞች ሰልፍ ላይ የተያዘ ወጣትና የእናቱ እውነተኛ ታሪክ ነው።

ልብ ወለድን ወደ መድረክ የሚያመጡ ብዙዎች ገጹን ለተራኪ ሰጥተው ተዋናዩን ዳር ያቆሙታል። እንዲህ ከሆነ መጽሐፉን ቤት ቁጭ ብሎ ማንበብ ይሻላል። ብሬሽት ምን እንዳደረገ ልብ ይሏል። ጎርኪ መጽሐፉን የሚከፍተው በፋብሪካው ፉጨትና ወደ ሥራ በሚተሙ ሠራተኞች ነው። የመድረኩ መክፈቻ ግን ሾርባ ነው። ቭላሶቫ ፊቷን ወደ ተመልካቹ አዙራ የልጇ ደመወዝ እንደተቀነሰ፣ ሾርባው እንደቀጠነ፣ ይህን ለልጇ ማቅረብ እንደሚያሳፍራት ትናገራለች። የምትቆጥበውን ቆጥባለች፤ ግን አልሞላም። በመጽሐፉ ገጾች የወሰደው የፋብሪካ ኑሮ በአንዲት እናት የጓዳ ሒሳብ አለቀ። ተመልካቹም ንግግር ሳይደረግለት፣ ደመወዝ ሲቀነስ መጀመሪያ የሚጎድለው የማን ሳህን እንደሆነ ያያል።

ፊደል የምትቆጥርበት ትዕይንትም አለ። መምህሩ የዛፍ ቅርንጫፍና የወፍ ጎጆ ሊያስጽፍ ሲል፣ «ሠራተኛ» የሚለው እንዴት እንደሚጻፍ እንዲያሳይ ይጠየቃል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረውን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የሚያስታውስ ኢትዮጵያዊ ይህን ትዕይንት ማንም ሳያብራራለት ይረዳዋል።

የጎርኪ መጽሐፍ እናቲቱ ባቡር ጣቢያ ስትያዝ ያበቃል። ብሬሽት ግን ልጇን ፓቬልን ገድሎ እርሷን እ.ኤ.አ. እስከ 1917 የሩሲያ አብዮት ያደርሳታል።

ቴአትሩ በርሊን ውስጥ በጥር 1932 እ.ኤ.አ. ሲከፈት ቭላሶቫን የተጫወተችው ሄሌነ ቫይግል፣ ሙዚቃውን የደረሰው ሃንስ አይስለር ነበር። የካስፓር ኔሄር የመድረክ ቅንብር በብረት ቧንቧ ላይ የተወጠረ ሸራ ነበርና ነቅሎ ወደ ሌላ አዳራሽ መውሰድ ቀላል ነበር። ሞአቢት በተባለው የሠራተኞች ሠፈር ባለሥልጣናት ትርኢቱን ሲከለክሉ ተዋንያኑ ድርሰቱን አነበቡት።

እንዲህ ያለ ቴአትር የሚገባው እንደ ሞጆ ላለ ቦታ ነው። ከአዲስ አበባ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ከጅቡቲ የሚመጣው ኮንቴነር በሚራገፍበት ደረቅ ወደብ ዙሪያ ሾፌሩ፣ ረዳቱ፣ ጫኝና አውራጁ፣ ሻይ የምታፈላው እናት ሁሉ አሉ። የቭላሶቫን ሒሳብ በየወሩ የሚሠሩት እነርሱ ናቸው። የአዳማና የሞጆ የቴአትር ክበባት ቧንቧና ሸራ አያጡም፤ ድርሰቱን በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ አዘጋጅተው ወደቡ በር ድረስ ይዘውት ይሂዱ።