ለተጣበበ መንገድ የሚስማማ ሞተር ብስክሌት እንዴት ይመረጣል?

በዛሬው ጊዜ በታላቅ ከተማ የሚኖር ቤተ ሰብ ከሚቸገርባቸው ነገሮች አንዱ መንገድ ነው። አባት ወደ ሥራው ለመድረስ ጎሕ ሲቀድ ከቤቱ ይወጣል፤ ማታም ልጆቹ ከተኙ በኋላ ይገባል። የታክሲው ሰልፍ ረጅም ነው፤ አውቶቡሱም በመኪና ብዛት ታግዶ ቆሞ ይታያል። በአዲስ አበባ ከመገናኛ እስከ ሜክሲኮ፥ ወይም ከሳሪስ እስከ ፒያሳ ጠዋትና ማታ የሚመላለስ ሰው ይህን ያለ ነጋሪ ያውቀዋል። ስለዚህ ብዙ ሰዎች፥ «ለመኪና የሚበቃ ገንዘብ ከሌለን፥ ስለ ምን ሞተር ብስክሌት አንገዛም?» እያሉ ከቤተ ሰባቸው ጋራ ይመካከራሉ።

ምክሩም ሲደረግ ቤቱ በሁለት ወገን ይከፈላል። ወጣቱ የሞተሩን ኀይልና ፍጥነት ያወድሳል፤ እናትና ሚስት ግን በልባቸው ያለውን ፍርሃት ይናገራሉ። እንደ እኛ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች እውነት አላቸው። ሞተር ብስክሌት ጊዜን ያተርፋል፤ ዳሩ ግን በላዩ የተቀመጠውን ሰው የሚጋርድ ግድግዳ የለውም። እንግዲህ ሁለቱን ወገኖች የሚያስታርቃቸው፥ «የትኛው ይበልጥ ይሮጣል?» የሚለውን ጥያቄ ትቶ፥ «የትኛው ይበልጥ ይታዘዛል?» ብሎ መጠየቅ ነው። ለተጣበበ መንገድ የሚስማማው ሞተር ብስክሌት በቶሎ የሚቆም፥ በዝግታ ሲነዳ የማይወላገድ፥ ነጂውም በሁለት እግሩ አጽንቶ ሊይዘው የሚችል ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ሕጉን ማወቅ ያስፈልጋል። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በ2011 ዓ.ም. በከተማው ውስጥ በሞተር ብስክሌት መንቀሳቀስ በፈቃድ እንዲሆን ወስኗል። ስለዚህ ገዢው ገንዘቡን ከመቍጠሩ በፊት የከተማውን የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ጠይቆ፥ ለእርሱ ጉዳይ ፈቃድ የሚሰጥ መሆኑን ይረዳ። መንጃ ፈቃዱም ለሞተር ብስክሌት የተሰጠ መሆን አለበት፤ የሦስተኛ ወገን መድንም በሕግ የታዘዘ ግዴታ ነው። አስቀድሞ ገዝቶ ኋላ የሚጠይቅ ሰው ንብረቱን በግቢው አቁሞ ሲመለከተው ሊኖር ይችላል።

ይህ ከተፈጸመ በኋላ የመጀመሪያው መመዘኛ ክብደትና የመቀመጫው ከፍታ ነው። በተጨናነቀ መንገድ ነጂው በአንድ ጉዞ ብዙ ጊዜ ይቆማል፤ በቆመም ቍጥር ሞተሩን የሚደግፈው እግሩ ነው። ለከተማ ሥራ የተሠሩት ቀላል ሞተር ብስክሌቶች ከ100 እስከ 150 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናሉ፤ ለሩቅ ጉዞ የተሠሩት ታላላቆቹ ግን ከ200 ኪሎ ግራም የሚያልፉ ብዙ ናቸው። ገዢው በሱቁ ውስጥ ሳለ ይቀመጥበት። ሁለቱ እግሮቹ ምድርን በደኅና ቢረግጡ መልካም ነው፤ በጣቱ ጫፍ ብቻ የሚደርስ ከሆነ ግን ሌላ ይፈልግ። ሞተሩንም ሳያስነሣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይግፋው፤ መሪውን እስከ ዳር ድረስ ያዙረው። የመሪውንና የስፖኪዮውን ስፋት ደግሞ ይመልከት፤ በመኪኖች መካከል ለማለፍ የሚበቃውን ቦታ የሚወስነው እርሱ ነውና።

ሁለተኛው መመዘኛ የሞተሩ ኀይል ነው። በዚህ ነገር የአገራችን ከፍታ ሊታሰብ ይገባዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተሠራች ከተማ ስለ ሆነች አየርዋ ስስ ነው። በቤንዚን የሚሠራ ሞተርም አየር ካልሳበ ኀይል ስለማያወጣ፥ በባሕር ጠረፍ ከሚያወጣው ኀይል ከአራት እጅ አንዱን እጅ ያህል በዚህ ያጣል። ስለዚህ 100 ሲሲ ያለው ሞተር በሜዳ ላይ ቢመሰገንም፥ ሁለት ሰው ጭኖ ወደ ሽሮ ሜዳ ዳገት ሲወጣ ይደክማል። ለአንድ ሰውና ለቀላል ዕቃ 125 ሲሲ ይበቃል ብለን እናስባለን፤ መንገዱ ዳገት ለሚበዛበት ወይም ሁልጊዜ ሌላ ሰው ለሚያፈናጥጥ ግን 150 ሲሲ ይሻላል። ከዚህ አብዝቶ የበለጠ ኀይል በቆመ ሰልፍ መካከል ቤንዚን ከመጨረስና የነጂውን እግር ከማሞቅ በቀር ጥቅሙ ጥቂት ነው። ካርቡራተር ያለው ሞተር ለስሱ አየር ካልተስተካከለ ጥቍር ጭስ ያወጣል፥ ካንዴላውንም ያጠቍራል፤ በኢንጀክሽን የሚሠራው ግን ቤንዚኑን በራሱ ይመጥናል።

ሦስተኛው የፍሪሲዮንና የማርሽ ነገር ነው። በየጥቂቱ ርምጃ በሚቆም ሰልፍ ውስጥ የነጂው ግራ እጅ ፍሪሲዮን ሲጨብጥና ሲለቅ ይውላል፤ እጅ ሲደክምም ልብ ይዘነጋል። ይህን ድካም ለማቃለል ከታሰቡት ሥራዎች አንዱ የጃፓናዊው የሶይቺሮ ሆንዳ ፋብሪካ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1958 ያወጣው «ሱፐር ካብ» ነው። የእጅ ፍሪሲዮን የለውም፤ ነጂው ማርሹን በእግሩ ሲለውጥ ፍሪሲዮኑ ከእርሱ ጋራ ይሠራል። በአንድ እጁ የምግብ ትሪ የተሸከመ መልእክተኛ እንኳ ሊነዳው እንዲችል ታስቦ የተሠራ ነው። እስከ 2017 ድረስ የተሠራው ብዛት 100 ሚሊዮን ደርሷል። ታላቅ ፍጥነት ሳይኖረው እንዲህ ያለ ብዛት ማግኘቱ፥ የከተማ ሰው የሚሻው ምን እንደ ሆነ በግልጥ ያሳያል።

የኢጣልያው ፒያጆ ፋብሪካም በ1946 «ቬስፓ»ን አወጣ። ነዳፊው ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የአውሮፕላን መሐንዲስ ነበሩ። የዚህ ዓይነቱ ሞተር ፊቱ ክፍት ስለ ሆነ፥ ቀሚስ የለበሰች ሴት እግርዋን ሳታነሣ ትቀመጥበታለች፤ ጭቃም ከልብስዋ ይጋረድላታል። ስለዚህ ወደ ሥራ ለምትሄድ እናት ወይም እኅት የተመቸ ነው። ነገር ግን ጎማው ትንሽ ስለ ሆነ ጉድጓድ ሲያገኝ ከታላቁ ጎማ ይልቅ ይንገጫገጫል፤ ገዢው የሚሄድበትን መንገድ አስቦ ይምረጥ።

በኤሌክትሪክ የሚሠራው ሞተር ብስክሌት ደግሞ አዲስ አማራጭ ሆኖ መጥቷል። አየር ስለማይስብ በከፍታ ምክንያት ኀይሉ አይቀንስም፤ ሰልፍ ሲቆም እርሱም ጸጥ ይላል፤ የእጅ ፍሪሲዮን የማይፈልገውም ይበዛል። ሻጩ «በአንድ ሙሌት ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ይሄዳል» ሲል ግን፥ ቍጥሩ አብዛኛውን ጊዜ በሜዳ ላይ፥ በዝግታና በአንድ ሰው የተለካ መሆኑን ማስተዋል ይገባል። የቀን ጉዞው ተቈጥሮ፥ ባትሪው ከዚያ በእጅጉ የሚተርፍ ቢሆን መልካም ነው። በቤትም የሚሞላበት ስፍራ መኖሩን፥ መብራት በጠፋ ቀን ምን እንደሚደረግና አዲስ ባትሪ ስንት እንደሚሸጥ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከመመዘኛዎቹ ሁሉ የሚበልጠው ግን ፍሬን ነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ነጂ አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሴኮንድ ቢፈጅ፥ በዚያች ሴኮንድ 11 ሜትር ይሄዳል፤ በ60 ኪሎ ሜትር ቢሆን ወደ 17 ሜትር ገደማ ይሆናል። ፍሬኑ ከተያዘ በኋላም በ60 ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት በ40 ከሚያስፈልገው ከእጥፍ ይበልጣል። ሞተሩ ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያዘነብል አብዛኛው የማቆም ኀይል የሚገኘው ከፊተኛው ጎማ ነው፤ የፊት ፍሬን የሚፈራ ነጂ እንግዲህ ዋና መድኑን አልተጠቀመበትም። ይሁን እንጂ በክረምት ዝናብ ፍሬን በድንገት ቢጨበጥ ጎማው ተቈልፎ ይንሸራተታል። ይህን የሚከለክለው ኤ.ቢ.ኤስ. የተባለው መሣሪያ ነው፤ በሞተር ብስክሌት ላይ በመጀመሪያ የገጠመው የጀርመኑ ቢ.ኤም.ደብልዩ. ፋብሪካ በ1988 ነበር። ሕንድም በ2019 በአገሯ የሚሸጡ ከ125 ሲሲ በላይ የሆኑ ሁሉ ይህ እንዲኖራቸው አዘዘች። ወደ ሌላ አገር የሚላከው ሳይኖረው ሊመጣ ስለሚችል፥ ገዢው «አለውን?» ብሎ ይጠይቅ፤ የዋጋው ልዩነትም የሚቻል ከሆነ አይራራ።

ያገለገለ ሞተር የሚገዛ ሰው የታመነ መካኒክ ይዞ ይሂድ። የፍሬን ሸራውን፥ የጎማውን ጥርስና የካቴናውን መላላት ይመልከት፤ ሞተሩ በቀዘቀዘ ጊዜ እንዴት እንደሚነሣ ይስማ፤ የሻሲውንና የሞተሩን ቍጥር ከሊብሬው ጋራ ያስተያይ። መለዋወጫውም በቅርብ የሚገኝ መሆን አለበት። እጅግ ያማረ ሞተር አንዲት ትንሽ ዕቃ ጠፍታበት ወር ሙሉ ከቆመ፥ ጌታው ዳግመኛ ወደ ታክሲ ሰልፍ ይመለሳልና።

ደግሞም የተመደበው ገንዘብ ሁሉ ለሞተሩ ብቻ አይውጣ። በ2008 የታተመው የኮክሬን የጥናቶች ግምገማ እንደሚያስረዳው፥ የራስ ቁር የሞትን አደጋ 42 በመቶ፥ የራስን ጉዳት ደግሞ 69 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ለነጂውና ለሚፈናጠጠው ሁለት መልካም የራስ ቁር፥ ጓንትና ጫማ፥ የዝናብም ልብስ የዋጋው ክፍል ሆነው ይቈጠሩ። በሎስ አንጀለስ 900 የሞተር ብስክሌት አደጋዎችን መርምሮ በ1981 የወጣው ጥናት ሌላ ትምህርት ይሰጣል። ከሌላ ተሽከርካሪ ጋራ በተደረገው ግጭት ከሦስት እጅ ሁለቱን እጅ ያህል የሞተረኛውን ቅድሚያ የነጠቀው ሌላው አሽከርካሪ ነበር፤ ብዙ ጊዜም ምክንያቱ ሞተረኛውን አለማየቱ ነው። እንግዲህ በቀንም መብራት አብርቶ መሄድ፥ ደማቅ ልብስም መልበስ፥ ከታላቅ መኪናም ጎን ተደብቆ አለመቆም ትልቅ ጥበብ ነው።

በመጨረሻም ለቤተ ሰቡ የምንመክረው አለ። ሞተሩ ከተገዛ በኋላ ነጂውን «ለምን ዘገየህ?» እያላችሁ አታስቸኵሉት፤ የቸኰለ አፍሶ ለቀመ ይባላልና። ሦስተኛ ሰው እንዲጭን፥ ሕፃንም ከፊቱ እንዲያስቀምጥ አትለምኑት። ሞተር ብስክሌት ያተረፈው ጊዜ በረከት የሚሆነው፥ አባት ወይም ልጅ ማታ ቍሩን አውልቆ በደኅና ከማዕዱ ሲቀርብ ነው። ገዢውም በሱቁ ደጃፍ ቆሞ ሲመርጥ ይህንኑ ማዕድ ያስብ።