የጁባ ዩኒቨርሲቲ ስደትና ሚጠት

ሃይ ማላካል በሚባለው የጁባ ሰፈር ተቀምጠን የምንነግድና የምንሠራ ኢትዮጵያውያን፣ የቦዳ ቦዳ (የኪራይ ሞተር ብስክሌት) ነጂውን «ጃምዓ»፣ ማለትም ዩኒቨርሲቲ፣ ብለን ስናዝዘው የምናስበው መታጠፊያውን እንጂ ከአጥሩ በስተጀርባ ያለውን መካነ ትምህርት አይደለም። በቡና ሰዓት ነገሩ ሲነሣም፣ «አገሪቱ ነጻ የወጣችው ገና በ2011 ነው፤ ዩኒቨርሲቲዋ መቼ ተቋቁሞ መቼ ሊበስል ነው?» የሚል ቃል ከወገኖቼ አፍ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ይህ ቃል ብዙ ሰው ዕድሜውን የሠዋበትን ታሪክ በአንድ አፍ የሚሰርዝ ስለ ሆነ በዝምታ ላልፈው አልወደድሁም። የጁባ ዩኒቨርሲቲ በ36 ዓመት የደቡብ ሱዳን መንግሥት ታላቅ ነው።

ዘመኑን በአውሮጳውያን አቆጣጠር ብጽፍ፣ ዩኒቨርሲቲው በ1975 በሱዳን ፕሬዚዳንት ጃዕፈር ኒሜሪ አዋጅ ተቋቋመ፤ በ1977ም ተማሪዎቹን ተቀብሎ ማስተማር ጀመረ። በዋድ መደኒ ያለው የገዚራ ዩኒቨርሲቲም የዚያው ዓመት ልደት ነው። ለአዋጁ መነሻ የሆነው ነገር ግን ሦስት ዓመት አስቀድሞ በእኛው በአዲስ አበባ ተፈጽሞ ነበር። ከ1955 አንሥቶ ሰሜኑንና ደቡቡን ሲያፋጅ የኖረውን ጦርነት ለማብረድ፣ የኻርቱምን ልዑካን አቤል አሌር፣ የደቡቡን ልዑካን ኤዝቦኒ ሞንዲሪ እየመሩ፣ የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤና የመላው አፍሪካ አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ለዕርቁ እየደከሙ፣ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በሸምጋይነት እየረዱ፣ በእኛ አቆጣጠር የካቲት 19 ቀን 1964 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ስምምነት ተፈረመ። በዚያ ስምምነት ደቡቡ መናገሻውን ጁባ ያደረገ የራሱን አስተዳደር አገኘ፤ አስተዳደሩም ጸሐፊ፣ መምህር፣ ሐኪምና የእርሻ ዐዋቂ ከወዴት ያምጣ? ቀደም ሲል ከፍተኛ ትምህርት የፈለገ የደቡብ ልጅ ወደ ኻርቱም ወይም ወደ ባሕር ማዶ ይሄድ ነበር። እንግዲህ ስለ ጃምዓ የሚያቃልል ቃል የሚናገር የአዲስ አበባ ልጅ፣ የገዛ ከተማው ያዋለደችውን ልጅ እያቃለለ መሆኑን ይወቅ።

የትምህርት፣ የማኅበራዊና የኢኮኖሚ ጥናት፣ የተፈጥሮ ሀብትና የአካባቢ ጥናት ኮሌጆች ከቀደምቶቹ መካከል ናቸው፤ የሕክምና ተማሪዎቹም በጁባ ማስተማሪያ ሆስፒታል ይለማመዳሉ። ይህን ከበር ላይ የቆመ ዘበኛም ይነግራችኋል።

እኔን ዘወትር የሚያስደንቀኝ ስደቱ ነው። ኒሜሪ በ1983 ስምምነቱን አፍርሶ ደቡቡን በሦስት ከከፈለው በኋላ፣ ሁለተኛው ጦርነት እየከፋ ሄዶ ጁባን ሲያስጨንቃት፣ ዩኒቨርሲቲው በ1989 መምህሩንና ተማሪውን ይዞ ወደ ኻርቱም ተሰደደ። ሊቃውንቶቻችን የእመቤታችንን ከልጇ ጋር ወደ ግብጽ መውረድ ስደት፣ መመለሷንም ሚጠት ይሉታል፤ ለዚህ መካነ ትምህርት ከእነዚህ ሁለት ቃላት የተሻለ አላገኘሁም። በታሽከንት በ1920 የቱርኪስታን ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት መምህራኑና መጻሕፍቱ ከሞስኮ በባቡር ተጭነው መግባታቸው እንደ ታላቅ ነገር ይነገራል፤ ያ ባቡር ግን ችግኝ ሊተክል የሚሄድ ነበር። የጁባው ከሥሩ ተነቅሎ ወጥቶ፣ ከሃያ ዓመት በላይ በሰው አገር አፈር ላይ ስሙን ሳይለውጥ አፈራ።

በሃይ ማላካል ጎረቤቴ የሆኑ አንድ አዛውንት መምህር አሉ፤ ሰፈሩ ሁሉ ኡስታዝ ይላቸዋል። በጁባ ተምረው፣ ከዩኒቨርሲቲው ጋር ተሰደው፣ በኻርቱም አስተምረው የተመለሱ ናቸው። አንድ ቀን፣ የአገራችን ልጅ ካፈላችው ጀበና ሁለተኛውን ሲኒ እየጠጡ እንዲህ አሉኝ፦ «በኻርቱም ማለዳ ከቤት ስወጣ ባለቤቴ ‹ወዴት ነው?› ትለኛለች፤ ‹ወደ ጁባ› እላታለሁ። ማታ እመለሳለሁ። እናቴ ግን በእውነተኛይቱ ጁባ ታረጅ ነበር፤ እኔም በየቀኑ ጁባ እየሄድሁ እርሷን ሳላያት ስድስት ዓመት አለፈ።» ከዚያም ሲኒውን አስቀምጠው ስለ ሌላ ነገር ጠየቁኝ።

የስደቱ ዘመን በቋንቋም ላይ ምልክቱን ትቶ አልፏል። ዩኒቨርሲቲው ሲመሠረት በእንግሊዝኛ ያስተምር ነበር፤ የኻርቱም መንግሥት በ1990ዎቹ ዐረብኛን የከፍተኛ ትምህርት ቋንቋ ሲያደርግ ግን የጁባም ትምህርት በዚያው ፈሰስ ገባ። በዚያ መንገድ የተማሩትን እዚህ «ዐረብኛ ፓተርን» ይሏቸዋል፤ ነጻነት መጥቶ እንግሊዝኛ የመንግሥት ቋንቋ ሲሆን ብዙዎቹ ሥራ ፍለጋ ተቸገሩ። በሱቃችን ባንኮኒ ላይ ተደግፈው «ዲግሪ ይዞ እንግሊዝኛ አያውቅም» እያሉ የሚስቁትን ወገኖቼን እለምናለሁ፤ ሒሳብ ወይም ሕክምና በዐረብኛ የተማረ ሰው ተምሯል፤ ቋንቋውንም የመረጠለት መንግሥት እንጂ እርሱ አይደለም።

በጥር 2005 አጠቃላዩ የሰላም ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ሚጠቱ ጥቂት በጥቂት ተጀመረ፤ የተፈጸመውም አገሪቱ በሐምሌ 2011 ነጻ በወጣችበት ሰሞን ነው። በዚያ ጊዜ የደረሰ፣ ከጁባም ውጭ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ዩኒቨርሲቲው በኻርቱም ሳለ የሰሜንም ልጆች በብዛት ገብተውበት ስለ ነበር፣ የደቡቡ ወገን ሲመለስ እነርሱ ያለ ትምህርት ቤት ቀሩ፤ ስለዚህ የሱዳን መንግሥት ከጁባና ከሌሎቹ ተመላሽ የደቡብ ዩኒቨርሲቲዎች የቀሩትን ተማሪዎች ሰብስቦ በዚያው በ2011 የባሕሪን ዩኒቨርሲቲ አቋቋመ። አንዱ ስደተኛ ወደ አገሩ ሲገባ ባደረበት ቤት ልጅ ትቶ ሄደ ማለት ነው።

ዩኒቨርሲቲው ወደ ቤቱ ከገባም በኋላ ዕረፍት አላገኘም፤ በታኅሣሥ 2013 የአገሪቱ የእርስ በርስ ጦርነት በዚሁ በጁባ ፈነዳ። በዚያ ሁሉ መካከል ግን ለአገር የሚጠቅም ቃል ከማሰማት ዝም አላለም። የዓባይ ነገር ሲነሣ ድምፁን ከፍ የሚያደርግ ኢትዮጵያዊ ይህን ልብ ይበል፦ ከኢሉባቦር ተራሮች የሚወርደው ባሮ ሶባት ሆኖ ከነጭ ዓባይ የሚገናኘው፣ ሰፈራችን በተሰየመባት በማላካል ከተማ አጠገብ ነው፤ ከዚያ ወደ ደቡብ ደግሞ ሱድ የሚባለው ታላቅ ረግረግ ተዘርግቷል። ረግረጉን ቆርጦ ውሃውን ወደ ሰሜን ሊያሳልፍ የታሰበው የጆንግሌይ ቦይ በ1978 ተጀምሮ፣ ከ360 ኪሎ ሜትሩ ሁለት ሦስተኛው ያህል ከተቆፈረ በኋላ በ1984 በጦርነቱ ምክንያት ቆመ። አሳቡ በ2022 ዳግመኛ ሲነሣ፣ የዩኒቨርሲቲው ምክትል ቻንስለር ጆን አኬክ ሱድ እንዲጠበቅ የሕዝብ ፊርማ ማሰባሰብ ጀመሩ። የተፈጥሮ ሀብት ጥናትን ከመጀመሪያዎቹ ኮሌጆች አንዱ አድርጎ የተመሠረተ ዩኒቨርሲቲ፣ ስለ ረግረጉ ከብቱና ዓሣው ጠበቃ ሆኖ መቆሙ የሚገባ ነው።

በሚያዝያ 2023 በኻርቱም ጦርነት ተነሥቶ የዚያች ከተማ ዩኒቨርሲቲዎች በተራቸው ሲዘጉና ሲበተኑ፣ ብዙ ሕዝብ በሬንክ በኩል ወደዚህ ተሰደደ። ከእነርሱ መካከል ጠጕሩ የሸበተ አንድ ሱዳናዊ በአንድ ምሽት ኡስታዝን ሊጠይቅ መጣ፤ ለካ የቀድሞ ተማሪያቸው ኖሯል። ተቃቅፈው ብዙ ከቆዩ በኋላ ለእርሱም ሲኒ ተቀዳለት። የት እንደ ተማረ ብጠይቀው «ጁባ» አለኝ፤ ከተማይቱን ግን ያያት በዚያ ሳምንት ነበር።